የክፉ ቀን ቃል በደህና ቀን ይለመዳል

ዛሬ የምናገረው በባሕር ጠረፍ መንደሮች ጎረቤት ለጎረቤት ስለሚነግረው የዕለት ወሬ ነው። ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ ሰርዲን በየትኛው ገበያ ስንት ያወጣል፣ የማን መረብ ጠፋ፣ የማን ልጅ ታመመ፣ የዓይን ሐኪም መቼ ይመጣል የሚለው ወሬ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ይንቀዋል፤ ዕቅድ አውጪውም ከቁም ነገር አይጥፈውም። የእኔ ክርክር ግን ይህ ነው፦ ሰው በክፉ ቀን የሚሰማው በደህና ቀን ሲሰማው የኖረውን አፍ ነው። የዕለት ወሬ የሚመላለስበትን መንገድ ጠብቆ ያቆየ መንደር ሳያውቀውም ቢሆን ሕይወቱን ሲጠብቅ ኖሯል። ያ መንገድ የተዘጋበት መንደር ደግሞ ውድ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢተከልለት እንኳ የመጨረሻዋን ጥቂት መቶ ሜትር የሚያሻግርለት ያጣል። ማስረጃዬን ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከጃፓንና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አመጣለሁ፤ ከዚያም የሚቀርቡብኝን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ ለመመለስ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የምጠቅሰውን ለይቼ እናገራለሁ።

ከህንድ ልጀምር። የህንድ አረንጓዴ አብዮት አባት እየተባሉ የሚጠሩት የግብርና ሳይንቲስት ኤም ኤስ ስዋሚናታን የመሠረቱት የምርምር ተቋም በ1998 በደቡብ ምሥራቅ ህንድ፣ በፖንዲቼሪ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የመረጃ ማዕከላት መክፈት ጀመረ። ውሉ ግልጽ ነበር። መንደሩ ቤት ይሰጣል፤ ከመንደሩ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩበታል፤ ተቋሙ ኮምፒውተርና ሥልጠና ያቀርባል። ቤቱም በዘር መደብ ሳይለይ ለሁሉም ክፍት መሆን ነበረበት። በየማዕከሉ የሚሰጠው መረጃ የእህል ዋጋ፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ የሕክምና ቀጠሮ፣ ድሃ ቤተሰብ ከመንግሥት ሊያገኝ የሚገባው ድጋፍና የመሳሰለው ነበር። ቬራምፓቲናም በምትባለው፣ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል በዓሣ በሚተዳደር የጠረፍ መንደር ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ሠራተኞቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኢንተርኔት የሚያወጣውን የማዕበል ከፍታና የነፋስ ትንበያ በየቀኑ ያወርዱ ነበር፤ በታሚል ቋንቋ አዘጋጅተውም በጠረፉ በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ያነቡት ነበር። ለጦር መርከብ አዛዥ ተብሎ የተሠራው ትንበያ ግንድ አስሮ በሠራት ታንኳ ወደ ባሕር የሚወጣ አስጋሪ ጆሮ ደረሰ ማለት ነው። አስጋሪው በዚያ ድምፅ ተመርቶ ነገ መውጣት አለመውጣቱን ይወስናል። ትንበያው ሲሰምር እምነቱ ይጸናል፤ ሲስት ደግሞ ያነበበውን ሰው በመንገድ አግኝቶ ይጠይቀዋል።

ዲሴምበር 26 ቀን 2004፣ እሑድ ማለዳ፣ ከሱማትራ ደሴት አጠገብ ከባሕሩ ወለል በታች በመጠን 9.1 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። የቀሰቀሰው ሱናሚ በህንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ወደ 230,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። ማዕበሉ የህንድን ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ እስኪመታ ሁለት ሰዓት ያህል ነበረ። ከፖንዲቼሪ ወጣ ብላ የምትገኘው የናላቫዱ መንደር በዚያን ጊዜ 3,600 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ የመረጃ ማዕከልና ድምፅ ማጉያም ነበራት። ሲንጋፖር የሚሠራ አንድ የአስጋሪ ልጅ የመሬት መንቀጥቀጡን ዜና ከብዙኃን መገናኛ ይሰማና ወደ ቤተሰቡ ይደውላል፤ ቤቱን ለቅቀው እንዲሸሹና ሌላውንም እንዲያስጠነቅቁ ይነግራቸዋል። ቃሉ የደረሳቸው ሰዎች እያንዳንዱን ደጅ ለማንኳኳት ጊዜ አልነበራቸውም። ወደ ማዕከሉ ሮጡ፤ በሩን ሰብረው ገቡ፤ በዓሣና በማዕበል ወሬ በለመደው ድምፅ ማጉያ ለፈፉ። ቤቶች ፈረሱ፣ ጀልባዎች ተሰባበሩ፤ ከመንደሩ ሰው ግን የሞተ እንዳልነበረ ተዘግቧል። በዚያው ጠረፍ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በናጋፓቲናም አውራጃ ብቻ የሞተው ሰው ከ6,000 በላይ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰው ልብ የሚለው ስልኩን ነው። ስልኩ ግን የደረሰው አንድ ቤት ነው። ከአንድ ቤት ወደ 3,600 ነፍስ ያሻገረው ድምፅ ማጉያው ነበር። ድምፅ ማጉያውስ ለምን ሠራ? በእኔ ንባብ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መሣሪያው በየጊዜው ስለሚነገርበት የት እንዳለና እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው በቅርብ አልጠፋም። ለክፉ ቀን ብቻ ተብሎ የተቆለፈ መሣሪያ ባትሪው መሞቱ የሚታወቀው በዚያው በክፉ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ የሰሚው ጆሮ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ ድምፅ ጉዳዩ እንደሚመለከተው ለምዷል። ሦስተኛ፣ የሚናገረው የታወቀ ሰው ነው፤ ቢዋሽ የሚጠየቅ፣ ነገም አብሮ የሚኖር ጎረቤት ነው። አበው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ። ናላቫዱን ያዳናት ግን የሁለቱ መገናኘት ነው፤ የሩቁ ዘመድ ዜናውን ሰጠ፣ የቅርቡ ጎረቤት አደረሰው። ልጆቻችን በጅዳና በቤይሩት፣ በዱባይና በዋሽንግተን ለሚኖሩብን ለእኛ ይህ የሥራ ክፍፍል እንግዳ አይደለም።

በዚያው ቀን ማዕበሉ ውቅያኖሱን አቋርጦ የእኛን የአፍሪካ ቀንድ ጠረፍም መትቷል። ከመንቀጥቀጡ እስከ ሶማሊያ ጠረፍ የነበረው ጊዜ ሰባት ሰዓት ያህል ነው። በሰባት ሰዓት ውስጥ የታይላንድና የስሪላንካ ዜና ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ በፑንትላንድ ጠረፍ ላለችው ለሐፉን ግን የደረሰላት አልነበረም። በሶማሊያ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከዚያ በስተደቡብ በኬንያ ባለሥልጣናት ዜናውን ሰምተው ከባሕሩ ዳርቻ ሰዎችን አስወጡ፤ በኬንያ የሞተው አንድ ሰው ነው። የማዕበሉ ጉልበት በየጠረፉ ስለሚለያይ ልዩነቱን ሁሉ በማስጠንቀቂያው ላይ መጫን ልክ አይሆንም። ነገር ግን ሰባት ሰዓት በእግርም ቢሆን ከማዕበል መንገድ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ነው። በሐፉን የጎደለው የባሕር ሳይንስ አልነበረም፤ ሳይንሱ ማለዳውን ታውቋል። የጎደለው ዓለም የሚያውቀውን ነገር ተቀብሎ በአካባቢው ቋንቋ በየደጁ የሚያደርስ፣ አስቀድሞ ሥራ የለመደ መስመር ነው። መንግሥት በፈረሰበት አገር ይህ መስመር ከላይ ሊመጣ አይችልም ነበር፤ ከታች ከሌለ ከየትም አይኖርም።

መስመሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በመስመሩ የሚሄደው ቃል ለሥራ የሚበቃ መሆን አለበት። ለዚህ ከሲሜውሉዌ ደሴት የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሲሜውሉዌ በሱማትራ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ ለመንቀጥቀጡ መነሻ እጅግ የቀረበች ደሴት ናት። ማዕበሉ የደረሰባት በሁለት ሰዓት ሳይሆን በአሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ 78,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ የሞቱት ሰባት ሰዎች ናቸው። በደሴቲቱ በ1907 ከባድ ሱናሚ ደርሶ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር። ከዚያ የተረፉት ሰዎች ነገሩን ስሞንግ በሚል ስም ለልጆቻቸው በተረትና በእንጉርጉሮ አወረሱ። ትምህርቱ አጭር ነው፤ መሬት በኃይል ከተናወጠና ባሕሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ኮረብታ ሩጥ ይላል። በ2004 ሬዲዮ የነገራቸው የለም፤ ስልክ የደወለላቸው የለም። አንዱ ያንን አንድ ቃል ጮኸ፣ ሁሉም እግሩን አነሣ። ቃሉ አደጋውን፣ ምልክቱንና መድኃኒቱን ባንድነት የያዘ ስለነበር ማብራሪያ አላስፈለገውም። ልብ በሉ፤ ይህ ዕውቀት 97 ዓመት ሙሉ የኖረው በቤተ መዛግብት አይደለም። ልጅ ሲያስተኙ፣ ሥራ ሲሠሩ፣ ማታ ማታ ሲጨዋወቱ በሚያወሩት ወሬ ውስጥ ነው። ጨዋታው ቢቀር ዕውቀቱም አብሮ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ቁጠባ ወዳድ የሆነ ሰው፣ ሱናሚ በመቶ ዓመት አንዴ ለሚመጣ መንደር ዕለት ዕለት ወሬ እያመላለሱ ጊዜ ማጥፋት ምን ይረባል ይል ይሆናል። መልሱ የዕለቱ ወሬ ለራሱም ወጪውን ከነትርፉ ይከፍላል የሚል ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2007 ያሳተሙት ጥናት ይህን በአኃዝ አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው በደቡብ ህንድ በኬረላ ግዛት፣ ሞባይል ስልክ ከ1997 ጀምሮ በጠረፉ ደረጃ በደረጃ በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ስልኩ ከመግባቱ በፊት አስጋሪ ያጠመደውን ይዞ ወደ ለመደው ወደብ ይገባል፤ ገዢ ካለ ይሸጣል፣ ከሌለ ይደፋል። ጃንዋሪ 14 ቀን 1997 ባዳጋራ በምትባለው ገበያ 11 አስጋሪዎች ሙሉ ጭነታቸውን ገዢ አጥተው ደፉ። በዚያኑ ዕለት በ15 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ባሉ ሌሎች ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። በሁለቱ መካከል የጎደለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። አስጋሪዎቹ ከባሕር ላይ ሆነው ዋጋ መጠያየቅ ከጀመሩ በኋላ መድፋቱ ጠፋ፤ የአስጋሪው ትርፍ በ8 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋም በ4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሻጭም ገዢም ያተረፉበት ነገር ምንድን ነው ቢባል የዓሣ ገበያ ወሬ ነው። እንግዲህ የክፉ ቀኑ መስመር በደህናው ቀን ራሱን ችሎ የሚኖርበት ገቢ አለው፤ ለአደጋ ብቻ የተቋቋመ መስሪያ ቤት ግን በጀቱ በተቆረጠ ቀን ይዘጋል።

ሌላው የሚነሣ ጥያቄ መሣሪያው ራሱ በአደጋው ሲጠፋስ የሚል ነው። ለዚህ የጃፓኗ ኢሺኖማኪ መልስ አላት። ማርች 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በደረሰው ሱናሚ በዚያች የጠረፍ ከተማ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ። በ1912 በከተማዋ የተመሠረተው ኢሺኖማኪ ሂቢ ሺምቡን የተባለ አነስተኛ ዕለታዊ ጋዜጣ ማተሚያው ውሃ ገባበት፤ መብራትም አልነበረም። ጋዜጠኞቹ ያልራሰ የጋዜጣ ወረቀት ቆርጠው በወፍራም እስክሪብቶ በእጃቸው ጻፉ፤ በመጠለያዎችና በሱቆች ግድግዳ ለጠፉት። ከማርች 12 እስከ 17 ድረስ በየቀኑ፣ ለስድስት ቀን እንዲህ አደረጉ። የመጀመሪያው ወረቀት በትክክለኛ መረጃ ተመርታችሁ ተንቀሳቀሱ የሚል ማሳሰቢያ ነበረበት። በመጠለያ የተቀመጠ ሰው ምግብና ውሃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ሰፈር ምን እንደደረሰበት ማወቅ ይፈልጋል፤ የቶኪዮ ቴሌቪዥን ይህን አይነግረውም፤ ቢነግረውም የሚያይበት መብራት የለውም። የኢሺኖማኪ ሰው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የእጅ ጽሑፍ ያመነው ጋዜጣውን ለብዙ ዓመታት የሰርግና የቀብር፣ የትምህርት ቤትና የዓሣ ገበያ ወሬ ሲያነብበት ስለኖረ ነው ብዬ አምናለሁ። ማተሚያው ቢሰጥምም የተከማቸው አመኔታ አልሰጠመም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። የጎረቤት ወሬ አሉባልታ አይደለም ወይ? አንዱ የሰማውን ሌላው እየጨመረበት መንደር አይታወክም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ውሸት ከባሕር ማዕበል ባልተናነሰ ፍጥነት ይሄዳል። ነገር ግን ይህ በሽታ የጎረቤት ብቻ እንዳልሆነ ከዚያው ከ2004 ታሪክ እንማራለን። ዲሴምበር 30 ቀን፣ ከሱናሚው አራት ቀን በኋላ፣ የህንድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሌላ ሱናሚ ሊመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። በጠረፉ ሁሉ ሽብር ሆነ፤ የዕርዳታ ሥራ ተቋረጠ፤ ሕዝብ እንደገና ሸሸ። የማስጠንቀቂያው መነሻ አንድ የአሜሪካ የግል ድርጅት የሰጠው ግምት ሲሆን፣ የራሱ የህንድ መንግሥት የሳይንስ ሚኒስትር ወዲያው መሠረት የለውም ብለው አጣጣሉት። ሐሰት ማኅተም ይዞም ይመጣል ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው ሐሰቱን በማረሙ ላይ ነው። ተናጋሪው የታወቀ፣ ሰሚው መልሶ መጠየቅ የሚችልበት መስመር ስሕተቱን በፍጥነት ያርማል። ተናጋሪው በማይታወቅበት መስመር፣ ዛሬ በየስልኩ ምንጩ ሳይጠቀስ እንደሚዘዋወረው ጽሑፍ ማለት ነው፣ ሐሰት የሚያስጠይቀው የለምና ይባዛል። ስለዚህ የአሉባልታ መድኃኒቱ የጎረቤት ወሬን ማፈን ሳይሆን ተናጋሪውን ተጠያቂ ማድረግ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አፋር ከአዋሽ እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የተዘረጋ ሕዝብ ነው፤ ከብት የሚያረባም ዓሣ የሚያሰግርም አለው። ዳጉ የተባለው የዚህ ሕዝብ የወሬ ልውውጥ በአገራችን በስም ይታወቃል፤ አሠራሩ ግን የሚገባውን ያህል አልተጠናም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ተባብለው አይተላለፉም። ይጨባበጣሉ፣ አረፍ ይላሉ፣ ከዚያም ተራ በተራ ይጠያየቃሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ምን እንግዳ ነገር ታየ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ ከሰማውም ከማን እንደሰማ እንዲናገር ይጠበቅበታል። ሐሰት ያወራ ሰው በጎሣው ዘንድ ይነወራል፣ ይቀጣልም። እያንዳንዱ ሰሚ ደግሞ ለቀጣዩ መንገደኛ ተናጋሪ ይሆናል። እዚህ ውስጥ ምንጭ መጥቀስ አለ፣ ማጣራት አለ፣ ተጠያቂነት አለ፤ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሌላ ምንድን ነው? ከሁሉም በላይ ግን ዳጉ የሚፈጸመው አደጋ ሲኖር ብቻ አይደለም። ምንም አዲስ ነገር በሌለበት ቀንም ይደረጋል፤ አንድ ቀን ትልቅ ነገር ሲመጣ ያለ ችግር የሚተላለፈውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ተቃውሞ የነፃነት ጥያቄ ነው። ጎረቤት የሚያወራበት መስመር ጎረቤትን የሚሰልሉበትም መስመር ይሆናል። ለዚህ ከጃፓን የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በጃፓን ሰፈሮች ከቤት ቤት የሚዞር የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ አንዱ ቤት አንብቦ ፈርሞ ወይም ማኅተሙን አሳርፎ ለቀጣዩ ያስረክባል። በ1940 የጃፓን መንግሥት በየሰፈሩ ጥቂት ቤቶችን እያቀናጀ የጎረቤት ማኅበራትን ግዴታ አደረገ። በሰሌዳው የራሽንና የእሳት አደጋ መከላከል ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን የጦርነት ቅስቀሳም ይዞር ጀመር፤ ጎረቤትም የጎረቤት ታዛቢ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ግዴታው ተሻረ። እኛም ቀበሌ ለዕድሳትና ለመታወቂያ ብቻ ያልነበረበትን ዘመን አሳልፈናልና ትምህርቱ ይገባናል። መስመሩ ወደ ላይ ብቻ ሲፈስ ስለላ ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲፈስ ትእዛዝ ይሆናል፤ ጎን ለጎን ሲፈስ ግን የጋራ ዕውቀት ነው። ሰሌዳው በጃፓን ዛሬም ይዞራል፤ የሚይዘው ግን የቆሻሻ መጣያ ቀን፣ የሰፈር በዓልና የአደጋ ልምምድ ነው። ያው ሰሌዳ በሁለት ዘመን ሁለት ሥራ የሠራው ባለቤቱ ስለተለወጠ ነው። እንግዲህ ስለላን ፈርተን መስመሩን እንቁረጠው ማለት ሳይሆን ባለቤትነቱን ከሰፈሩ እጅ አናውጣው ማለት ነው የሚያዋጣው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፤ ዛሬ ሳተላይት አለ፣ የባሕር ዳሳሽ አለ፣ ማስጠንቀቂያው ቀጥታ ወደ እያንዳንዱ ስልክ ይላካል፤ ጎረቤት ለምን ያስፈልጋል ይላል። መሣሪያን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ከ2004 በኋላ በህንድ ውቅያኖስ የተቋቋመው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 በኢንዶኔዥያዋ ፓሉ የሆነውን እንመልከት። መንቀጥቀጡ ከደረሰ ደቂቃዎች ሳይቆይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ መብራትና የስልክ አውታር ግን ወድቋል፤ ማዕበሉም በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። በዚያ አደጋ ከ4,000 በላይ ሰው ሞተ። በጃፓንም በ2011ዱ ሱናሚ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ለኢዋቴ ግዛት ጠረፍ 3 ሜትር ማዕበል ነበር የተነበየው። ግምቱ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ተስተካክሏል፤ መብራት በመጥፋቱ ግን ማስተካከያው ያልደረሰው ብዙ ነው። በዚያው በኢዋቴ፣ በካማይሺ ከተማ ኡኖሱማይ በሚባል ሰፈር፣ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስቀድመው በተለማመዱት መሠረት ወደ ከፍታ ሮጡ። በአጠገባቸው ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹን ፎቅ ላይ አውጥቶ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ሲሮጡ አይተው እነሱም ወርደው ተከተሏቸው። ከከተማው ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ። የሚሮጥ ጎረቤት መብራት የማይፈልግ ማስታወቂያ ነው። መሣሪያውና ጎረቤቱ የሚተካኩ ሳይሆኑ የሚቀባበሉ ናቸው፤ አንዱ ከሩቅ ያያል፣ ሌላው ከቅርብ ያደርሳል።

እስካሁን የጎረቤትን መስመር አሞገስኩ፤ ወሰኑን ሳልናገር ብቀር ግን ክርክሬ ጎዶሎ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራተተ። ጎረቤት እንደ ልማዱ ጥሪ ሰምቶ ወጣ፤ አፈር የተጫናቸውን ሊያወጣ ተሰበሰበ። በዚያው ቦታ መሬቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተንሸራተተና ለነፍስ አድን የመጡትን ቀበረ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። እዚያ መስመሩ ሠርቷል፤ ጥሪው በፍጥነት ደርሷል፤ ሰውም ያለማመንታት ተነሥቷል። በጥሪው ውስጥ ያልነበረው አንድ ዕውቀት ነው፤ አንዴ የተናደ ኮረብታ እንደገና ሊናድ ስለሚችል ከሥሩ በብዛት አትሰብሰቡ የሚለው። ይህን ሙያ ያላቸው ሰዎች ያውቁታል፤ ወደ ጥሪው ግን አልገባም ነበር። የሲሜውሉዌ ሰው ከጎፋ ሰው በርኅራኄም በጀግንነትም አይበልጥም። የተረፈው የእሱ ጥሪ ምን መደረግ እንዳለበት ስለሚናገር ነው። የባለሙያው ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ድርሻውም የጎረቤትን አፍ መተካት ሳይሆን ለጎረቤት አፍ የሚመች፣ አጭርና ለሥራ የሚበቃ ቃል ማዘጋጀት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአገራችን ይህ መስመር ከመሠረቱ መጀመር አያስፈልገውም። በየሰፈሩ ዕድር አለ፤ ጡሩምባው ሲነፋ ያልተነሣ ቤት የለም፤ ለፋፊው ማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ነገር ግን ጡሩምባውን ያስለመድነው ሞትን ብቻ እንዲናገር ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉን የሚቀሰቅስ ድምፅ ሰው ሳይሞት እንዲቀሰቅስ ማድረግ ለምን ይከብደናል? የዕድር ሹማምንት ክትባት የሚሰጥበትን ቀን፣ ውሃ የሚቋረጥበትን ሰዓት፣ የጠፋ ልጅን፣ የጎርፍ ሥጋትን በዚያው ለፋፊ ያስነግሩ፤ ጆሮው በደህናው ቀን ይልመድ። በአዋሽ ተፋሰስ የጎርፍ፣ በስምጥ ሸለቆ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በደጋማው የመሬት መንሸራተት ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ ሪፖርታችሁን ለሚኒስቴር ካስገባችሁ በኋላ አንዲት ዐረፍተ ነገር ለለፋፊው ስጡ፤ ምልክቱንና የሚደረገውን ብቻ የያዘች ትሁን። ባለሥልጣናትም ይህን መስመር አግዙት እንጂ አትውረሱት፤ የወረሳችሁት ዕለት የሚሰማው ይጠፋል። እናንተ ታዳሚዎች ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በሰፈራችሁ ክፉ ነገር ቢመጣ የመጀመሪያውን ቃል ማን እንደሚናገር፣ በምን እንደሚናገር፣ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ አድርጉት።